ያረጀ ኮምፒዩተር አልነሣ ሲል፦ ምልክትንና ምክንያትን ለይቶ ማወቅ

ገላጭ ድርሰት አንድ ነገር ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚሠራ ወይም እንዴት እንደሚሠሩት ለአንባቢ ግልጽ አድርጎ የሚያስረዳ የድርሰት ዓይነት ነው። የሚከተለው ምንባብ የዚሁ ዓይነት ጽሑፍ ነው። ስታነቡ ሁለት ነገሮችን ልብ በሉ። አንደኛ፣ አሳቡ በምን ዓይነት ቅደም ተከተል እንደቀረበ ተከታተሉ። ሁለተኛ፣ ምልክትና ምክንያት እንዴት ተለይተው እንደተነገሩ አስተውሉ። ካነበባችሁ በኋላ በመጨረሻው ላይ ያሉትን መልመጃዎች ትሠራላችሁ።

ሀ. ምንባብ

1. ሦስት «የሞቱ» ኮምፒዩተሮች

በላስታ ደጋ ከሚገኙት ትምህርት ቤቶች በአንዱ ዐሥር ኮምፒዩተሮች አሉ እንበል። ኮምፒዩተሮቹ አዲስ አይደሉም፤ ሌላ ቦታ ብዙ ዓመት ካገለገሉ በኋላ በእርዳታ የመጡ ናቸው። ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ ክፍሉ ይከፈታል፤ መብራትም ይለቀቃል። ሰባቱ ይነሣሉ፤ ሦስቱ ግን እምቢ ይላሉ። አንደኛው ጭራሽ ድምፅ አያሰማም። ሁለተኛው እየደጋገመ ይጮኻል እንጂ በስክሪኑ ላይ ምንም አያሳይም። ሦስተኛው መነሣት ይጀምርና ሰማያዊ ገጽ አሳይቶ ተመልሶ ይጠፋል። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው የሚሰጠው ፍርድ አንድ ዓይነት ነው። «ሞተዋል፤ ዕቃ ቤት ይግቡ» ይባላል።

ይህ ፍርድ ቀላል ነገር አይደለም። ዐሥር ኮምፒዩተር ለስድሳ ተማሪ ሲከፋፈል አንዱ ለስድስት ይደርሳል፤ ሦስቱ ዕቃ ቤት ሲገቡ ግን አንዱን ዘጠኝ ያህል ተማሪዎች ሊሻሙበት ነው። ከላሊበላ ወደ ወልድያ ወይም ወደ ደሴ ወስዶ ለማስጠገን ደግሞ ገንዘብም ጊዜም ያስፈልጋል። ሆኖም ከሦስቱ አንዱም ሳይሞት ሊሆን ይችላል። ይህን ለማወቅ የሚቻለው ኮምፒዩተሩ ሲነሣ ምን ምን ደረጃዎችን እንደሚያልፍ በመረዳትና የቆመበትን ደረጃ በመፈለግ ነው።

2. የአነሣሡ ደረጃዎች

የላሊበላን ቤተ ጊዮርጊስ የጠረቡት ሰዎች ከጣሪያው ጀምረው ወደ ታች እየፈለፈሉ ወረዱ እንጂ እንደ ሌላ ሕንጻ ከመሠረቱ አልጀመሩም። ጣሪያው ሳይወጣ ወደ መስኮቶቹ፣ መስኮቶቹ ሳይወጡ ወደ በሮቹ መድረስ አይቻልም ነበር። የኮምፒዩተር አነሣሥም እንደዚሁ የማይዘለል ቅደም ተከተል አለው። ደረጃዎቹም የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛው ደረጃ ኃይል ነው። ፓወር ሰፕላይ የተባለው ክፍል ከግድግዳው የሚመጣውን 220 ቮልት ወደ 12፣ ወደ 5 እና ወደ 3.3 ቮልት ለውጦ ለልዩ ልዩ ክፍሎች ያከፋፍላል።

ሁለተኛው ደረጃ ፈርምዌር ነው። ፈርምዌር በማዘርቦርዱ ላይ በምትገኝ አንዲት ቺፕ ውስጥ የተጻፈ ፕሮግራም ሲሆን፣ ኃይል ቢቋረጥም አይጠፋም። ኮምፒዩተሩ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያነበው ይህንኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ከወጣው የአይቢኤም ኮምፒዩተር ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ያገለገለው ፈርምዌር ባዮስ ይባላል። ከዚያ በኋላ የመጣውና በአሁኑ ጊዜ የተስፋፋው ደግሞ ዩኢኤፍአይ ይባላል።

ሦስተኛው ደረጃ ፍተሻ ነው። ፈርምዌሩ ራም የተባለውን ጊዜያዊ ማስታወሻ፣ የስክሪኑን ካርድና የመሳሰሉትን ይመረምራል። ጉድለት ካገኘና በስክሪን ላይ ለማሳየት ካልቻለ በጩኸት ያስታውቃል።

አራተኛው ደረጃ የመነሻ ፍለጋ ነው። ፈርምዌሩ ሀርድ ዲስኩን፣ ሲዲውን ወይም ፍላሹን በተሰጠው ተራ መሠረት እየጠየቀ ማስነሻ ፕሮግራም ያለበትን ይፈልጋል።

አምስተኛው ደረጃ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ነው። ዊንዶውስ ወይም ሊኑክስ ከተገኘው ዲስክ ተነሥቶ የኮምፒዩተሩን ሥራ ይረከባል።

እንግዲህ ከላይ ወደ ጠቀስናቸው ሦስት ኮምፒዩተሮች እንመለስ። ድምፅ የማያሰማው የቆመው በመጀመሪያው ደረጃ ነው። ስለዚህ ገመዱንና ሶኬቱን መፈተሽ፣ በጀርባው ያለው ማጥፊያ ተዘግቶ እንደሆነ ማየት፣ ከሚሠራ ኮምፒዩተር ገመድ ተውሶ መሞከር ይገባል። የፓወር ሰፕላዩን ሣጥን ግን አትክፈቱ፤ ገመዱ ከተነቀለ በኋላም በውስጡ አደገኛ ኃይል ሊቆይ ይችላል። የሚጮኸው የቆመው በሦስተኛው ደረጃ ነው። የጩኸቱ ትርጉም እንደ አምራቹ ይለያያል፤ ተደጋጋሚ ጩኸት ግን ብዙ ጊዜ ራሙን ያመለክታል። ገመዱን ነቅሎ፣ ባዶ ብረት በመንካት ከሰውነት ላይ ያለውን ኤሌክትሪክ አስወግዶ፣ ራሙን ማውጣትና የመገናኛ ጥርሶቹን በለስላሳ ላጲስ ጠርጎ መመለስ ይቻላል። አቧራ በበዛበት ክፍል ውስጥ ይህ ብቻውን መፍትሔ የሚሆንበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

3. ትንሿ ባትሪ

ሦስተኛው ኮምፒዩተር ሰፋ ያለ ማብራሪያ ያስፈልገዋል። ሰማያዊ ገጽ ያሳየው ዊንዶውስ ነው፤ ይህም ማለት እስከ አምስተኛው ደረጃ ደርሷል ማለት ነው። ስለዚህ ባለሙያው «ዊንዶውሱ ተበላሽቷል» ብሎ እንደገና ይጭነዋል። ኮምፒዩተሩም ይነሣል። ነገር ግን በዲስኩ ላይ የነበሩት ጽሑፎች ሊጠፉ ይችላሉ።  

የሰማያዊው ገጽ ምክንያት ያለው በታችኛው ደረጃ ነው። በማዘርቦርዱ ላይ ሳንቲም የምታህል፣ ብዙውን ጊዜ ሲአር 2032 የምትባል፣ 3 ቮልት የምትሰጥ ባትሪ አለች። ኮምፒዩተሩ ከግድግዳ ኃይል ሲለያይ ሰዓቱን የምታስኬደው፣ በብዙ አሮጌ ኮምፒዩተሮችም የፈርምዌሩን ምርጫዎች የምትጠብቀው እርስዋ ናት። ሶኬት ላይ በተሰካ ጊዜ ግን፣ ቢጠፋም እንኳ፣ ጥቂት ኃይል ስለሚደርሰው ባትሪዋ ታርፋለች። ስለዚህ መብራት ብዙ በሚጠፋበት አገር ባትሪዋ ቶሎ ታልቃለች። ላሊበላ በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነት ከደረሰባት በኋላ ለብዙ ወራት የኤሌክትሪክ አገልግሎት ተቋርጦባት ቆይታለች። እንደዚህ ባለ ጊዜ ማንም ሳይነካቸው የተቀመጡ ኮምፒዩተሮች ባትሪያቸውን ይጨርሳሉ።

ባትሪዋ ስታልቅ ፈርምዌሩ የተሰጡትን ምርጫዎች ይረሳና ከፋብሪካው ወደ ወጣበት ሁኔታ ይመለሳል። ከሚረሳቸው ነገሮች አንዱ ሀርድ ዲስኩ የሚነበብበት ዘዴ ነው። በአሮጌ ኮምፒዩተሮች ላይ ይህ ዘዴ አይዲኢ ወይም ኤኤችሲአይ ተብሎ ይመረጣል። ዊንዶውስ በአንደኛው ዘዴ ተጭኖ ሳለ ፈርምዌሩ ወደ ሌላኛው ከተመለሰ፣ ዊንዶውሱ የራሱን ዲስክ ማንበብ ያቅተውና በሰማያዊ ገጽ ይቆማል። ዊንዶውሱ ጤነኛ ነው፤ ዲስኩም ጤነኛ ነው፤ የጠፋው ምርጫው ብቻ ነው።

ይህን ለማወቅ የሚረዳው ምልክት ቀኑ ነው። ኮምፒዩተሩን እንዳበራችሁ ኤፍ 2 ወይም ዲሊት የተባለውን ቁልፍ ደጋግማችሁ በመጫን ወደ ፈርምዌሩ ገጽ ግቡ፤ ቁልፉ እንደ አምራቹ ይለያያል። በዚያ የሚታየው ቀን ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ተመልሶ ከሆነ ባትሪዋ አልቃለች ማለት ነው። ገመዱን ነቅላችሁ፣ ተመሳሳይ አዲስ ባትሪ የመደመር ምልክቱን ወደ ላይ አድርጋችሁ አስገቡ። ከዚያም ቀኑንና የዲስኩን ዘዴ አስተካክሉ። ዘዴው የቱ እንደነበረ ካልታወቀ አንዱን ሞክሩ፤ ካልሆነም ወደ ሌላው መልሱ። ይህን ሳያደርጉ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን መጫን ግን በዲስኩ ላይ ያሉትን የተማሪዎች ውጤትና የመምህራን ጽሑፎች በከንቱ ሊያጠፋ ይችላል።

4. አዲስ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሲጫን

አንዳንድ ጊዜ ግን እንደገና መጫን የግድ ይሆናል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ዊንዶውስ 11 ደግሞ ዩኢኤፍአይን፣ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራምና ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ክፍል ስለሚጠይቅ ብዙ አሮጌ ኮምፒዩተሮች መስፈርቱን አያሟሉም። ስለዚህ ብዙ ሰዎች በነጻ ወደሚገኘው ወደ ሊኑክስ ያዘነብላሉ። በዚህ ጊዜ በብዛት የሚያጋጥሙት እንቅፋቶች አራት ናቸው።

አንደኛ፣ ፍላሹ በትክክል አልተዘጋጀ ይሆናል። የመጫኛውን ፋይል እንደ ማንኛውም ጽሑፍ ፍላሽ ላይ መገልበጥ ብዙ ጊዜ አይበቃም፤ እንደ ሩፈስ ባለ ፕሮግራም መጻፍ አለበት። ፋይሉ ከኢንተርኔት ሲወርድ መሥመሩ ተቆራርጦ ተጓድሎ እንደሆነም ከአዘጋጆቹ የማረጋገጫ ቁጥር ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፣ የመሣሪያው ዓይነትና የሲስተሙ ዓይነት አልተጣጣሙ ይሆናል። አሮጌ ፕሮሰሰሮች 32 ቢት ሲሆኑ፣ ኋላ የመጡት 64 ቢት ናቸው። ባለ 64 ቢቱ ሲስተም በባለ 32 ቢቱ ፕሮሰሰር ላይ ፈጽሞ አይነሣም። ኡቡንቱ ለ32 ቢት የሚሆነውን የዴስክቶፕ መጫኛ እ.ኤ.አ. በ2017 አቁሟል። ዴቢያንም እ.ኤ.አ. በ2025 ካወጣው ከ13ኛው እትም ጀምሮ ለእነዚህ ማሽኖች መጫኛ አያዘጋጅም። ስለዚህ «አዲሱ ይሻላል» የሚለው አባባል እዚህ ላይ ሁልጊዜ አይሠራም።

ሦስተኛ፣ የባዮስና የዩኢኤፍአይ አሠራር ተደበላልቆ ይሆናል። የዲስክ አከፋፈል ሰንጠረዥ ሁለት ዓይነት ነው፤ የጥንቱ ኤምቢአር፣ አዲሱ ጂፒቲ ይባላል። በዩኢኤፍአይ የተነሣ የዊንዶውስ መጫኛ ጂፒቲ የሆነ ዲስክ ይፈልጋል፤ በባዮስ የተነሣው ደግሞ ኤምቢአርን ይፈልጋል። ሳይገጥሙ ሲቀሩ «በዚህ ዲስክ ላይ መጫን አይቻልም» የሚል መልእክት ይመጣል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ዲስኩን ይደመስሳል። ከዚያ አስቀድሞ ግን ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ ፍላሹን በሌላኛው አሠራር ማስነሣት ይገባል።

አራተኛ፣ የመነሻው ተራ አልተስተካከለ ይሆናል። ፍላሹ ተሰክቶ ሳለ ኮምፒዩተሩ የድሮውን ሲስተም የሚያስነሣ ከሆነ፣ ፈርምዌሩ ሀርድ ዲስኩን አስቀድሞ እየጠየቀ ነው ማለት ነው። ተራውን በፈርምዌሩ ገጽ መቀየር ይበቃል።

5. ፈርምዌሩን ማደስ

አምራቾች አንዳንድ ጊዜ የታረመ ፈርምዌር ያወጣሉ። ይህን በአሮጌው ላይ መጻፍ ፈርምዌርን ማደስ ይባላል። ሥራው የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ አደጋው ግን ከሌላው ሁሉ ይከፋል። ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሲጫን መብራት ቢጠፋ እንደገና መጀመር ይቻላል። ፈርምዌር ሲጻፍ መብራት ከጠፋ ግን በቺፑ ውስጥ ግማሹ አዲስ፣ ግማሹ ባዶ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ያን ጊዜ ኮምፒዩተሩ የመጀመሪያውን ትእዛዝ እንኳ የሚያነብበት ስለማይኖረው አይነሣም። አንዳንድ ማዘርቦርዶች መጠባበቂያ ቅጂ አላቸው፤ የሌላቸውን ግን ለማዳን ቺፑን በልዩ መሣሪያ እንደገና መጻፍ ያስፈልጋል።

ስለዚህ ፈርምዌር የሚታደሰው ሦስት ነገሮች ሲሟሉ ብቻ ነው። በመጀመሪያ፣ አምራቹ በማስታወቂያው ላይ ያረመው ችግር የእናንተን ችግር የሚመስል መሆን አለበት። ቀጥሎም፣ ፋይሉ ለዚያው ሞዴል የተዘጋጀ መሆኑ መረጋገጥ አለበት፤ ተቀራራቢ ሞዴል በቂ አይደለም። በመጨረሻም፣ ኃይሉ አስተማማኝ መሆን አለበት። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ሞልቶ ቻርጀሩም መሰካት ይኖርበታል፤ ዴስክቶፕ ከሆነ ዩፒኤስ ያስፈልገዋል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ሥራውን ማቆየት ይሻላል።

6. ቀኑና ፊደሉ

በአገራችን የሚያጋጥሙ ሁለት ችግሮች አሉ። የመጀመሪያው ከቀን አቆጣጠር የሚመጣ ነው። ፈርምዌሩ የሚያውቀው የአውሮፓውያንን አቆጣጠር ነው። አንድ ሰው በኢትዮጵያ አቆጣጠር 2018 ብሎ ቢያስገባ፣ ኮምፒዩተሩ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይቀራል። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ «8» ብሎ ቢሞላም ስድስት ሰዓት ይዛነፋል፤ ኮምፒዩተሩ 14 ሰዓት የሚለው ያንን ጊዜ ነውና። በዚህ ምክንያት ኢንተርኔት ሲከፈት የድረ ገጾቹ የምስክር ወረቀት «ገና ጊዜው ያልደረሰ» ሆኖ ይታየዋል፤ ሊኑክስም ተጨማሪ ፕሮግራም ለማውረድ እምቢ ሊል ይችላል። ሰውየው ግን ኢንተርኔቱን ይወቅሳል።

ሁለተኛው የፊደል ጉዳይ ነው። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል ቁጥር ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች የእኛን ፊደል የሚያስቀምጡት በላቲን ፊደል ቁጥሮች ላይ እያለበሱ ነበር። ስለዚህ ሲስተሙ እንደገና ሲጫን የድሮ የፈተና ወረቀቶች ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ሆነው ይታያሉ። ጽሑፉ አልጠፋም፤ የጠፋው አልባሹ የፊደል ቅርጽ ነው። ያው ፎንት ከተጫነ ጽሑፉ ይመለሳል። በዩኒኮድ የተጻፈው ደግሞ እንደ ዊንዶውስ ኤክስፒ ባለ አሮጌ ሲስተም ላይ አራት ማዕዘን ሣጥኖች ሆኖ ቢታይ፣ የግእዝ ፎንት አለመኖሩን ብቻ ያመለክታል። ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ግን የአማርኛ ፎንት ከሲስተሙ ጋር አብሮ ይመጣል።

7. ማጠቃለያ

ከላይ እንደተመለከትነው፣ ብልሽት የሚታይበት ቦታና ብልሽት ያለበት ቦታ ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። ሰማያዊው ገጽ ዊንዶውስን ያስወቅሳል፤ ጥፋቱ ግን የባትሪዋ ነው። የማይከፈተው ድረ ገጽ ኢንተርኔቱን ያስወቅሳል፤ ጥፋቱ ግን የቀኑ ነው። ስለዚህ ከታችኛው ደረጃ ጀምራችሁ በተራ መርምሩ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፤ ሁለት ነገር ለውጣችሁ ኮምፒዩተሩ ቢነሣ የትኛው እንዳዳነው አታውቁም። ያያችሁትን መልእክትና የለወጣችሁትን ምርጫ ከነቀኑ በደብተር መዝግቡ። ሊደመሰስ የሚችለውን ነገር አስቀድማችሁ ወደ ሌላ ቦታ ቅዱ፤ የማይመለሰውንም ሥራ የመጨረሻ አድርጉት። ይህን ሥርዓት የተከተለ የኮምፒዩተር ክፍል ብዙ መሣሪያ ያተርፋል። የመዘገበው ደብተርም በሚቀጥለው መስከረም ለሚመጡት ተማሪዎች ይተርፋል።

ለ. የግንዛቤ ጥያቄዎች

ለሚከተሉት ጥያቄዎች በተሟላ ዓረፍተ ነገር መልስ ስጡ።

1. ኮምፒዩተር ሲነሣ የሚያልፍባቸው አምስት ደረጃዎች የትኞቹ ናቸው?
2. መብራት ብዙ በሚጠፋበት ስፍራ የማዘርቦርዱ ባትሪ ቶሎ የምታልቀው ለምንድን ነው?
3. ኦፕሬቲንግ ሲስተምን ከመጫን ይልቅ ፈርምዌርን ማደስ የበለጠ አደገኛ የሆነው በምን ምክንያት ነው?
4. የቤተ ጊዮርጊስ አሠራር በምንባቡ ውስጥ የተጠቀሰው ምንን ለማስረዳት ነው?

ሐ. የቃላት ጥናት

የሚከተሉት ቃላትና ሐረጎች በምንባቡ ውስጥ ያላቸውን ፍች ጽፋችሁ፣ እያንዳንዳቸውን በራሳችሁ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገቡ።

ይሻሙበታል፣ ያዘነብላሉ፣ ማመሳከር፣ ይዛነፋል፣ መጠባበቂያ፣ ያስወቅሳል

መ. ሰዋስው

«መብራት ቢጠፋ እንደገና መጀመር ይቻላል» እና «መብራት ከጠፋ ኮምፒዩተሩ አይነሣም» የሚሉትን ዓረፍተ ነገሮች አስተያዩ። ሁለቱም ቅድመ ሁኔታን ይገልጻሉ፤ አንዱ «ቢ-»ን፣ ሌላው «ከ-»ን ተጠቅሟል። ከምንባቡ ውስጥ እንደነዚህ ያሉ አምስት ዓረፍተ ነገሮች አውጡና ቅድመ ሁኔታውንና ውጤቱን ለይታችሁ አመልክቱ።

ሠ. ድርሰት

በቤታችሁ ወይም በአካባቢያችሁ ከሚገኙት መሣሪያዎች አንዱን፣ ለምሳሌ ወፍጮን፣ የውሃ ቧንቧን ወይም ሬድዮን ምረጡ። መሣሪያው ሥራ ቢያቆም ብልሽቱ እንዴት እንደሚፈለግ የሚያስረዳ ሁለት ገጽ ገላጭ ድርሰት ጻፉ። ደረጃዎቹን በቅደም ተከተል አስቀምጡ፤ ቢያንስ በአንድ ቦታ ላይም ምልክቱና ምክንያቱ የተለያዩ መሆናቸውን አሳዩ።